ለማንም ሰው መግባት ክልክል ነው

ጓጉንቸር ብለው ስም ያወጡለት መጋዘን ያዥ ሳለ አብረውት የሠሩ ባልደረቦቹ ነበሩ። ጡረታ ሲወጣ ሌላውን ሁሉ አስረክቦ ወጣ፤ ይህን ስም ግን የሚረከበው ሰው ስላልተገኘ ይዞት ቤቱ ገባ። ቁልፍ የማንጠልጠል አመሉም አብሮት ገባ። ዛሬም ከቀበቶው ላይ አንድ ዘለላ ቁልፍ ይንጠለጠላል፤ ሲራመድ ይንቃጨላል። ከቁልፎቹ መካከል የሚከፍቱት ነገር ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። አንዱ የቁም ሣጥኑ ነው፣ አንዱ የውሃ ቆጣሪው ሣጥን፣ አንዱ ደግሞ የስኳር ጣሳው የሚቀመጥበት መሳቢያ። የቀሩት ለክብር የተንጠለጠሉ ናቸው።

«በዚህ ቤት ሻይ ለማጣፈጥ ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል» ትል ነበር ሚስቱ እንግዳ ሲመጣ። አሁን አትልም። ቀልድ ድምፅ ይፈልጋል።

ሚስቱ በሥራ ዘመኗ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። መልኳን የማያውቅ ሁሉ ድምፅዋን ያውቀው ነበር። እሷም ጡረታ ስትወጣ «ይህን ድምፅ ለጎረቤት ሐሜት ብቻ አላውለውም» አለችና ማየት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት መጽሐፍ ማንበብ ጀመረች። ከቤተ መጻሕፍታቸው መማሪያ መጽሐፍ ይላክላታል። እሷ ልብስ በሚተኮስባት ትንሽ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች፤ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ትሰቅላለች፤ ከዚያ ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበች ትቀዳለች። ውሻ ሲጮኽ ታቆማለች፤ መኪና ሲያልፍ ታቆማለች። ልጆቹ ጆሯቸውን ሰጥተው የሚማሩት ከእሷ ነው።

ከዚያ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገራት፤ እብጠቱ ያረፈበት ቦታ ክፉ ነው፣ ቀዶ ሕክምናው ድምፅዋን ሊነካው ይችላል አላት። እሷን ግን ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ያሰጋት የጀመረችው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር። «ወንዞቹን ሳልጨርስ አንገቴን አልሰጥም» ብላ ቀጠሮዋን አስገፋች፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨርሳ፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አውርዳ አጣጥፋ፣ ሐኪም ቤት ገባች። ስትወጣ ነቀርሳ የለም ተባለ፤ ቤቱ ሁሉ አመሰገነ። ድምፅዋ ግን ሐኪሙ እንደፈራው ሆነ። የቀረላት ትንፋሽ ነው። ከአጠገቧ ካልተቀመጡ የምትለው አይሰማም። «ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል፤ ጊዜ እንስጠው» አላት ሐኪሙ።

እንግዲህ ያ ድምፅ ያለው አንድ ቦታ ነው። የቀደሙትን መጻሕፍት ትምህርት ቤቱ ወስዷቸዋል። የጂኦግራፊው መጽሐፍ ግን ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለነበር አልተወሰደም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ በሚስቱ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ቅጂ የለውም። እንደገና ላንብበው ቢባል የሚያነብበው ድምፅ የለም።

ጓጉንቸር ይህን ካወቀ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ዕድሜውን ሙሉ ብሎንና ኩሽኔታ ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ ጠብቆ አያውቅም። በዚያ ላይ ከምራቱ አንድ ነገር ሰምቷል። ልጁ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የለም፤ ምራቱ ግን አብራቸው ትኖራለች። ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስለምትሠራ ኮምፒውተር ለእጇ ቅርብ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ሞላሁ ሲል አላስፈላጊውን ልታጸዳ ተቀመጠች፣ ከማያስፈልገው ጋር አንድ የንባብ ምዕራፍ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለች፣ ወዲያው አየችና መለሰችው። ማንም አላያትም። እሷ ግን ራሷ መጥታ «አባባ፣ ዛሬ ሳላውቅ ከእማማ ንባብ አንዱን ጥዬው ነበር፤ አሁን ተመልሷል» አለችው።

«አንቺ ባትነግሪኝ ማን ያውቅ ነበር?» አለ።

«ማንም።»

ይቺን «ማንም» አልወደዳትም። የመጋዘን ሰው የሚፈራው ሌባን ሳይሆን እግረ መንገዱን ነካ አድርጎ የሚያልፍን እጅ ነው።

በማግሥቱ ምራቱ ሥራ ስትሄድ፣ ሚስቱም ጋደም ስትል፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። እንግሊዝኛ የለመደው ከዕቃ ሣጥኖች ላይ ነው፤ «ተጠንቀቅ»፣ «ይህ ወገን ወደ ላይ»፣ «እንዳትከፍት» የሚሉትን ዓይነት ያነባል። ልጁ ኮምፒውተሩን ሲገዛ ለእያንዳንዳቸው መግቢያ ስም ከፍቶላቸው፣ አባቱን የማሽኑ አስተዳዳሪ አድርጎ መዝግቦት ነበርና መሣሪያው የሚያዝዘውን ሁሉ እሺ ይለዋል። ፎልደሩ ላይ የማውዙን ቀኝ ተጫነ። ደኅንነት የሚለውን ገጽ ከፈተ። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚል ሠንጠረዥ ወጣ። አንደኛው ረድፍ «ፍቀድ» ይላል፣ ሌላው «ከልክል» ይላል። ደስ አለው። በሠላሳ ዘመን አገልግሎቱ እንዲህ ያለ ንጹሕ መጋዘን አላየም።

ማንን እንደሚከለክል ሲጠየቅ «ሁሉም ሰው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በ«ከልክል» ረድፍ ያሉትን ሣጥኖች ከላይ እስከ ታች ምልክት አደረገባቸው። ማሽኑ አንድ ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ክልከላ ከፈቃድ ይበልጣል፣ እርግጠኛ ነህ ወይ የሚል ነገር ነበር። ጓጉንቸር በዕድሜው ስለ መቆለፍ እርግጠኛ ያልሆነበት ቀን የለም። «አዎ» አለ።

ከዚያ እንደ ልማዱ ቆልፎ ሊፈትሽ ፎልደሩን ነካ።

«ይህን ፎልደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» አለው።

ሳቀ። «ጎበዝ!» አለው ማሽኑን፤ ለሌላ ሰው የሚናገር መስሎታል። ደግሞ ነካው። ደግሞ ያንኑ አለው። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ አደረገና እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው ነገሩ ገባው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው፤ ያን ድምፅ ከእጅ ሁሉ ሊያድን ብሎ በገዛ እጁ ቀበረው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከባድ ነበሩ። ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኖ «ይረፍ፣ ግሏል» ይላል። ሚስቱ ምንም አትጠይቅም፤ አንዳንዴ ብቻ ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ስልክ ደውሎ ሐሙስ እንመጣለን ብሏል። ልጆቹ ለፈተና የሚያጠኑት ያንን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ የድሮ ዘበኛ ዳማ ሊጫወት መጣ። ሁለቱ በአንድ በር ላይ፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆነው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ዘበኛው ሦስት ጠጠር በአንድ ዝላይ በላና ቀና ብሎ አየው።

«አለቃ፣ ታመሃል ወይስ ልታዝንልኝ ፈልገህ ነው?»

ጓጉንቸር አልቻለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ነገረው። ዘበኛው ጠጠሩን በእጁ እንደያዘ ሰማ፤ ሰማና ከንፈሩን ነከሰ፤ ነከሰና አልሆነለትም፣ በሳቅ ፈነዳ።

«ቆይ፣ ቆይ! መጋዘኑ በር ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ምን ይል ነበር?»

«ለማንም ሰው መግባት ክልክል ነው።»

«አንተስ?»

«እኔማ እገባለሁ።»

«ሰው አይደለህማ!» አለና ጉልበቱን መታ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጽሑፍ ሥር እየገባህ አንድ ቀን እንኳ ‘ማንም’ ውስጥ አለሁበት ብለህ አላሰብክም። መሣሪያው ግን ቁም ነገረኛ ነው፤ ‘ሁሉም ሰው’ ስትለው ቆጥሮ አስገባህ!»

ጓጉንቸር መሳቅ አልቻለም፤ ዘበኛውም ፊቱን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

«በቃ እንስበረዋ» አለ።

«ሰው ብቻውን ቁልፍ አይሰብርም። ረሳኸው?»

ዘበኛው አልረሳውም። በመጋዘኑ ሕግ ቁልፍ ሲጠፋ በሩ የሚከፈተው በኮሚቴ ፊት ነበር፤ መጋዘን ያዡ፣ ዘበኛው፣ አንድ ደግሞ ዕቃው ከሚመለከተው ክፍል። ሦስቱ ቆመው እያዩ ነው ጓጉንቸሩ የሚቆረጠው።

«እኔ አለሁ፣ አንተም አለህ» አለ ዘበኛው ጣቱን እያጠፈ። «ሦስተኛው የባለንብረቷ ወገን መሆን አለበት። እሷው ትቀመጥ?»

«እሷ አታውቅም። እንድታውቅም አልፈልግም። ምራቴ ትቀመጥ።»

ይህን ማለት ቀላል ነበር፤ ለምራቱ መንገር ግን እሳት መጨበጥ ሆነበት። ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ጠብቆ፣ ወደ ትንሿ ክፍል ወስዶ፣ ዓይኑን የቀበቶው ቁልፎች ላይ ጥሎ ነገራት። እሷ ጃኬቷን ሳታወልቅ ሰማችው።

«እኔ እንዳልነካው ነው የቆለፉት?»

«ከሁሉም ነው የቆለፍኩት።»

«በዚህ ቤት ሁሉም ማለት እኔና እማማ ነን፣ አባባ። ሌላ ማን አለ?»

 መልሱን ሳትጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እውነቱን ስነግርዎት ያምኑኛል ብዬ ነበር» አለች ዝግ ብላ። ከዚያ ሽፋኑን አነሣችና «ነገ እማማ ለምርመራ ይሄዱ የለ? ያኔ እናየዋለን» አለችው።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተሰየመ። ዘበኛው ለነገሩ ክብር ብሎ ኮት ለብሶ መጥቷል። ምራቱ በጓጉንቸር ስም ገባችና ፎልደሩን ነካች። ማሽኑ መግባት መከልከሉን ተናግሮ፣ ለመግባት የደኅንነቱን ገጽ ይጠቀሙ አለ።

«አያችሁ፣ መንገዱን ራሱ ያሳያል» አለች። «ውስጥ ያለው አልተነካም፣ አባባ። በሩ ነው እንጂ ዕቃው ምንም አልሆነም።»

«ተመስገን» አለ ጓጉንቸር።

«አሁን ሁለት መንገድ አለ» አለች ምራቱ። «ፎልደሩ በእማማ ስም የተከፈተ ስለሆነ ባለንብረቷ እሳቸው ናቸው። እርስዎ ግን አስተዳዳሪ ነዎት፤ ባለንብረትነቱን ከእሳቸው ስም ወደ እርስዎ ስም ላዞረው እችላለሁ። ከዚያ ክልከላውን እሰርዛለሁ፣ ይከፈታል። ሁለተኛው መንገድ እማማ በራሳቸው ስም ገብተው ክልከላውን ራሳቸው እንዲሰርዙ ነው። ባለንብረት ቢከለከልም እንኳ ቁልፉን የመቀየር መብት ከእጁ አይወጣም።»

«የመጀመሪያው ነዋ!» አለ ዘበኛው። «ሴትየዋ ሳትመጣ ጨርሰን ወደ ዳማችን።»

ምራቱ እጇን ማውዙ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጓጉንቸር ስክሪኑን አየ። የሚስቱ ስም እዚያ ተጽፏል፤ ባለንብረት በሚለው ፊት ለፊት። አንዲት ጠቅታ ነበረች የምትቀረው፤ ከዚያ ነገሩ ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። እሷም አታውቅም። ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ብሎን እንኳ ከሰው ስም ወደ ራሱ ስም አላዞረም። ኃላፊዎች መጥተው «ለጊዜው በስምህ አድርገው» ያሉት ቀን ነበር፤ ያኔም እንቢ ብሎ ዕድገቱ ቀርቶበታል።

«አይሆንም» አለ። «የሰው ንብረት በስሜ አላዞርም።»

«ሚስትህ ናት እኮ!» አለ ዘበኛው።

«ታዲያ የባሰ ነዋ።»

ምራቱ ዞር ብላ አየችው። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ እጇንም ከማውዙ አነሣች።

ሚስቱ ስትመለስ ሦስቱም በረድፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አንዱ ኮት ለብሷል፣ አንዷ እጇን አጣምራለች፣ አንዱ ገርጥቷል። በሩ ላይ ቆማ በዚያች በቀረቻት ትንፋሽ «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ» አለ ዘበኛው። «አንድ ሰው ግን በቁሙ ራሱን ቀብሯል።»

ጓጉንቸር ተነሣ። ለበላይ አካል ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው እጁን አውርዶ ቆመ፤ እንዴት እንደፈራ፣ እንዴት እንደቆለፈ፣ ሁሉም ሰው ብሎ ሲጽፍ እንዴት ራሱን እንዳልቆጠረ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብሎ ደነገጠ። እየሳቀች ነበር። ሳቋ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋና ዓይኗ ብቻ ይስቃሉ።

ከዚያ ቀረብ እንዲል በእጇ ጠራችው። ጆሮውን አስጠጋ።

«እኔም ልከፍተው ሞክሬ ነበር» አለችው። «ፈቃድ የለዎትም አለኝ። የድሮ ድምፄን ሰምቼ እንዳይከፋኝ ብለህ የቆለፍክብኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አመሰግንህ ነበር፣ አንድ ቀን እረግምህ ነበር።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ዘበኛው ጣሪያውን አየ። ምራቱ ወንበሩን ለቀቀችላት።

ሚስቱ ተቀምጣ በራሷ ስም ገባች። ምራቱ በጣቷ እያሳየቻት የደኅንነቱን ገጽ ከፈተች፤ «ሁሉም ሰው» የሚለውን መስመር መርጣ «አስወግድ» አለች፤ «እሺ» አለች። ሌላ የሆነ ነገር አልነበረም። ጓጉንቸር ብረት ሲቆረጥ የሚሰማውን ዓይነት ጩኸት ጠብቆ ነበር። ፎልደሩ ዝም ብሎ ተከፈተ፤ ምዕራፎቹ አንድ በአንድ ተደርድረው ታዩ።

የመጨረሻውን መረጠች። እጇ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተጫነች።

ድምፅዋ ክፍሏን ሞላ። «ወንዙ ከተራራው ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል» አለ፤ ጥርት ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ የድሮ ደዋዮች ስልኩን መዝጋት ይጠሉበት የነበረው ያው ድምፅ። ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። ምራቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሚስቱ አፏን ሳትከፍት ከንፈሯን ከድምፁ ጋር እኩል ታንቀሳቅስ ነበር። ጓጉንቸር ለማየት አልደፈረም፤ ጫማውን አየ።

ድምፁ መሐል ላይ በድንገት ቆመ። በዝምታው ውስጥ ከሩቅ አንድ ነገር ተንቃጨለ፣ ቀረበ፣ በበሩ በኩል አልፎ ራቀ። ከዚያ ንባቡ ቀጠለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ጓጉንቸር።

ሦስቱም ዞረው ቀበቶውን አዩት።

«በየምዕራፉ አለህ» አለችው ሚስቱ በትንፋሽዋ። «ሁልጊዜ እስክታልፍ ቆሜ እጠብቅህ ነበር።»

ወደ ማታ ምራቱ ቅጂ አውጥታ ፍላሽ ላይ አስቀመጠች፤ አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለቤት። «ከእንግዲህ ማን ምን ይፈቀድለት?» ብላ ስትጠይቅ ሚስቱ የራሷን ሙሉ አደረገች፣ ለምራቷም መጨመርና ማስተካከል ፈቀደች። ቀጥላ ወደ ባሏ አየች።

«ለኔ ማዳመጡ ይበቃኛል» አለ። «መሰረዝ የሚያስችል ነገር እንዳትሰጡኝ።»

«ጓጉንቸር ከሥልጣን ወረደ!» አለ ዘበኛው፤ ኮቱን እየቆለፈ።

ሐሙስ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጣች። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ፍላሹን ተቀብላ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ ከየምዕራፉ ትንሽ ትንሽ አዳመጠች። የቁልፉ ድምፅ ሲመጣ ጓጉንቸር ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይቺን የቁልፍ ድምፅ ምራቴ ትቆርጣታለች» አለ። «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ውይ፣ እንዳትቆርጧት!» አለች ሠራተኛዋ። «ልጆቹ እኮ ያውቋታል። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ አለች። ንባቡ ቆሞ ቁልፏ ስትንቃጨል ነው ያመለጣቸውን የሚጽፉት። ‘ባለ ቁልፉ አባባ መጡ፣ ቶሎ በሉ’ ይባባላሉ።» ከዚያ እየሳቀች አየችው። «እርስዎ ነዎት ለካ! ማነው የሚመስላችሁ ተባብለው ተከራክረውብዎታል እኮ።»

ጓጉንቸር ቦርሳዋን ተቀብሎ እስከ ውጭው በር ሸኛት። ከሸኛት በኋላ ሲመለስ በግቢው ውስጥ በቀስታ ይራመድ ነበር፤ እንዳይጮኹ ቁልፎቹን በእጁ ጨብጧቸዋል። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው። ከዚያ ርቀት ልትጠራው አትችልም። ጨብጣ የነበረችውን እጇን ወደ እሱ ዘርግታ ጣቶቿን ፈታች፤ ልቀቃቸው ማለቷ ነው።

ለቀቃቸው። እየተንቃጨለ ገባ።